«ሜታቦሊዝሜ ቀርፋፋ ነው» ላሉ ጠያቂ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ እውላለሁ። ቁመቴ 1.60 ሜትር፣ ክብደቴ 84 ኪሎ ነው። ቁርስ አልበላም፤ ምሳ አንድ እንጀራ በሽሮ፣ ማታ ትንሽ ነገር ቀማምሼ እተኛለሁ። አጽዋማቱንም አላሳልፍም። ታናሽ እህቴ በ35 ዓመቷ ያገኘችውን እየበላች 52 ኪሎ ናት፤ ቁመታችን እኩል ነው። ሁለት ጊዜ ራሴን አስርቤ ዘጠኝ ዘጠኝ ኪሎ ቀንሼ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ዓመት ሳይሞላ ተመለሰብኝ። ጂም ስመዘገብ የቆምኩበት ሚዛን ‹የሜታቦሊዝም ዕድሜ 52› የሚል ወረቀት አወጣ፤ አሠልጣኙም ሜታቦሊዝሜ ቀርፋፋ እንደሆነ ነገረኝ። ለአምስት ዓመት ያህል የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ እወስዳለሁ፤ ሌላ መድኃኒት የለኝም። ሜታቦሊዝምን የሚያፈጥን ምግብ ወይም መድኃኒት ካለ ይንገሩኝ።»

ከዚያ ሚዛን ልጀምር፤ ጥያቄዎ የቆመው እሱ ባወጣው ቁጥር ላይ ነውና። ያ መሣሪያ ሜታቦሊዝምን አይለካም። በእግርዎ በኩል እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል አሳልፎ ሰውነትዎ ምን ያህል እንደሚቋቋመው ይመዘግባል፤ ከዚያ ተነሥቶ የስብና የጡንቻ መጠንዎን ይገምታል፤ በላዩ ዕድሜዎን፣ ቁመትዎንና ጾታዎን ጨምሮ ፋብሪካው በጫነለት ቀመር አንድ ቁጥር ያትማል። «የሜታቦሊዝም ዕድሜ» የሚባል የሕክምና ምርመራም የለም። ሜታቦሊዝም የሚለካው ሰውየው በባዶ ሆዱ ጋደም ብሎ፣ የሚተነፍሰው አየር እየተሰበሰበ ምን ያህል ኦክስጅን እንደተጠቀመና ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳስወጣ ሲታይ ነው። እስካሁን የእርስዎን ማንም አልለካውም፤ ቀርፋፋ የተባለው በግምት ነው።

የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ነገሩን በወጪ ቋንቋ ባስረዳዎት ይቀልለናል። ሜታቦሊዝም ሰውነት በሕይወት ለመቆየት በየቀኑ የሚያወጣው የኃይል ወጪ ነው። ትልቁ ክፍል ቋሚ ወጪ ሲሆን፣ አልጋ ላይ ምንም ሳንሠራ ብንውል እንኳ ልብ፣ ጉበት፣ አንጎልና ኩላሊት የሚጠይቁት ነው፤ ብዙ ለማይንቀሳቀስ ሰው ከጠቅላላው ከ60 እስከ 70 በመቶ ይደርሳል። የበላነውን ለመፍጨትና ለማዋሐድ ወደ 10 በመቶ ይሄዳል። የቀረው እንቅስቃሴ ነው፤ ከሰው ሰው እጅግ የሚለያየውም ይህ የመጨረሻው ክፍል ነው።

ቋሚ ወጪውን ለመገመት ሐኪሞች በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመና ሚፍሊን የሚባል ቀመር ይጠቀማሉ። ለሴት ክብደትን በ10፣ ቁመትን በሴንቲ ሜትር በ6.25 አባዝቶ መደመር፣ ዕድሜን በ5 አባዝቶ መቀነስ፣ በመጨረሻም 161 መቀነስ ነው። የእርስዎ 840 ሲደመር 1,000፣ ሲቀነስ 190፣ ሲቀነስ 161፣ በድምሩ 1,489 ኪሎካሎሪ ይሆናል። የእህትዎን ብንሠራው 1,184 ይመጣል። እዚህ ላይ ቆም ብለው እንዲያዩት እፈልጋለሁ፦ «ፈጣን» የተባለው የእህትዎ ሰውነት ምንም ሳይሠራ ተኝቶ ቢውልና ቢያድር፣ በቀን ከእርስዎ በ300 ኪሎካሎሪ ያነሰ ያወጣል። ከባድ ሰውነት የሚንከባከበው ብዙ ስለሆነ ወጪው ብዙ ነው። የወፈረ ሰው ሜታቦሊዝም ከቀጭኑ ያነሰ ነው የሚለው ወሬ የሚፈርሰው በዚህ ቀላል ስሌት ነው።

እርግጥ ነው፣ ቀመሩ አማካይ ነው። ዕድሜያቸው፣ ክብደታቸውና ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች ቢለኩ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይላል። ቀርፋፋ ሜታቦሊዝም የሚባል ነገር በፍጹም የለም የሚሉ ባለሙያዎች ስላሉ በዚህ ከእነሱ ጋር አልስማማም፤ አለ። ነገር ግን ለአብዛኛው ሰው ልዩነቱ ከ10 በመቶ ብዙም አይርቅም። እርስዎ በታችኛው ጠርዝ ላይ ነዎት ብለን ብናስብ የሚያጡት በቀን 150 ኪሎካሎሪ ያህል ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎካሎሪ አለው። ስለዚህ ሁላችንም የምንፈራው ቀርፋፋ ሜታቦሊዝም መጠኑ ከአንድ ማንኪያ ዘይት በጥቂቱ የሚበልጥ ነው። 32 ኪሎ የሚያህለውን በእርስዎና በእህትዎ መካከል ያለ ልዩነት ብቻውን ሊሸከም አይችልም።

ታዲያ «አልበላም፣ ግን አልቀንስም» የሚለው ምንድን ነው? በ1992 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የተሠራ አንድ ጥናት ልክ እርስዎ ያሉትን የሚሉ ሰዎችን መርምሯል። በቀን ከ1,200 ኪሎካሎሪ በታች እየበላን ክብደት አልቀንስ አለን የሚሉ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ሃይድሮጅኑና ኦክስጅኑ ከተለመደው በከበደ ውኃ አጠጧቸው፤ ይህ ውኃ በሽንት ሲወጣ እየተለካ ሰውየው በኑሮው ውስጥ ያወጣው ኃይል በትክክል ይታወቃል። ወጪያቸው ለሰውነታቸው የሚጠበቀው ሆኖ ተገኘ። የሚበሉትን ግን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ 51 በመቶ አጋንነው ነበር የመዘገቡት። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው የሚለዋወጥ ታካሚዎች ብዙ ናቸው፤ «ዋሽተሃል» የተባሉ ይመስላቸዋል። እኔ እንደዚያ አልልም። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ራሳቸው ሲመዘግቡ አሳንሰው እንደሚጽፉ በተመሳሳይ ዘዴ ታይቷል። ሰው የሚያስታውሰው ቁጭ ብሎ የበላውን ማዕድ ነው፤ ቆሞ የቀመሰውን አያስታውስም።

በእኛ ቤት ደግሞ ያልተመዘገበው የሚደበቅበት ቦታ ብዙ ነው። ወጥ ሲሠራ በጭልፋ ጫፍ መዳፍ ላይ ጠብ አድርጎ የሚቀመሰው አለ፤ ልጅ የተወው ቁራሽ አለ፤ «በሞቴ» ተብሎ የሚመጣው ጉርሻ አለ። ከአንድ ትሪ ስለምንበላ አንድ ሰው የበላው ስንት እንደሆነ በዓይን ለመለየት አይቻልም። ቡናውን እንቁጠር፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በእያንዳንዱ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢገባ ወደ 100 ኪሎካሎሪ ነው፤ አጠገቡ ያለው አንድ እፍኝ ቆሎ ከ30 እስከ 40 ግራም ስለሚመዝን ከ110 እስከ 150 ያህል ይጨምራል፤ ኦቾሎኒ ከበዛበት ደግሞ ከዚያ ያልፋል። እርስዎ ግን «ቡና ጠጣሁ» ይላሉ እንጂ «በላሁ» አይሉም። «አንድ እንጀራ»ም መለኪያ አይደለም። በቤታችን ሚዛን ላይ ባስቀመጥኳቸው ቁጥር ከ300 እስከ 420 ግራም አግኝቻቸዋለሁ፤ እንጀራ ብዙ ውኃ ስላለው በ100 ግራም ወደ 150 ኪሎካሎሪ ብንይዝለት፣ አንዱ 450፣ ሌላው 630 ይሆናል። እንጀራ ጠላትዎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጤፍ ጥሩ እህል ነው። ቁጥሩ እንጂ መጠኑ እንደማይታወቅ ለማሳየት ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ዘይቱ ነው። ባለ 5 ሊትር ዘይት ወደ 4.6 ኪሎ ይመዝናል፤ ግራሙ 9 ኪሎካሎሪ ስለሆነ በውስጡ 41,000 ያህል ኪሎካሎሪ አለ። ቤታችሁ አራት ሰው ነው። ያ ዘይት አንድ ወር ከቆየ ለእያንዳንዳችሁ በቀን ወደ 345፣ በጾም ወቅት በሦስት ሳምንት ካለቀ ደግሞ ወደ 490 ኪሎካሎሪ ይደርሳችኋል። ልጆቹ ከትልቅ ሰው ያነሰ ስለሚበሉ የእርስዎ ድርሻ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። የፓልም ይሁን የሱፍ፣ ለልብ ያላቸው ጠባይ ይለያያል እንጂ የኃይል መጠናቸው አንድ ነው። ጾም ያከሳል ብለው ይጠብቃሉ፤ ሽሮው፣ ሳንቡሳው፣ ፓስታውና ቦንቦሊኖው በዘይት ስለሚሠሩ ግን ዓቢይ ጾምን 55 ቀን ጾመው ክብደት ጨምረው የሚወጡ ሰዎችን በየዓመቱ አያለሁ። እስከ 9 ሰዓት መቆየቱ በራሱ ሜታቦሊዝምን አይገድልም፤ የጥቂት ሰዓታት፣ የአንድ ቀን ጾም እንኳ ቋሚ ወጪውን የሚቀንስ አይደለም። ጉዳዩ ከ9 ሰዓት በኋላ ያለው ነው።

ስለ ዕድሜም ይነሣል። «ከ30 በኋላ ሜታቦሊዝም ይወድቃል» የሚለው በሰፊው የሚነገር ቢሆንም፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ከ29 አገሮች የተሰበሰበ ከ6,400 በላይ ሰዎች መረጃ የሚያሳየው ሌላ ነው፦ የሰውነት መጠን ታሳቢ ሲደረግ ወጪው ከ20 እስከ 60 ዓመት ባለበት ይቆያል፤ መውረድ የሚጀምረው ከ60 በኋላ ነው፣ እሱም በዓመት በ0.7 በመቶ ገደማ። በ38 ዓመትዎ ዕድሜን መውቀስ አያስኬድም።

ሜታቦሊዝም በእርግጥ የሚዘገይበት አንድ ሁኔታ ግን አለ፤ እርስዎም ሁለት ጊዜ አልፈውበታል። ሰውነት ገቢው ድንገት ሲቀንስበት መቀነቱን ጠበቅ ያደርጋል። ክብደት ሲቀንስ ወጪው መቀነሱ የሚጠበቅ ነው፤ 9 ኪሎ ሲወርዱ ቀመሩ ራሱ 90 ኪሎካሎሪ ይቀንሳል። ከዚህም በላይ ሰውነት ተጨማሪ ይቆጥባል፤ በረሃብ የተደረገ ቅነሳ ሲሆን ቁጠባው ይብሳል። በአሜሪካ በአንድ የቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር የተሳተፉ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ሲለኩ ቋሚ ወጪያቸው ለሰውነታቸው ከሚጠበቀው በአማካይ በ500 ኪሎካሎሪ አንሶ ተገኝቷል፤ ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሞ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦበታል። ያልተወራው ግን ይበልጣል፦ ክብደታቸው እንዳይመለስ በተሻለ የጠበቁት ሰዎች ወጪያቸው ይበልጥ የወረደባቸው ነበሩ። ስለዚህ ክብደቱን የመለሰው መዘግየቱ ብቻ አልነበረም። ተመራማሪዎቹ የጠበቁትንና ያልጠበቁትን ሲያነጻጽሩ ጎልቶ የታየው ልዩነት የአካል እንቅስቃሴ ነው። በረሃብ የተቀነሰ ክብደት ሌላም ጉዳት አለው፤ ከስቡ ጋር ጡንቻ ይሄዳል፣ ሲመለስ ግን በአብዛኛው ስብ ሆኖ ይመለሳል። ረሃቡም ከቅነሳው በኋላ ለብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ይቆያል። እነዚያን ዘጠኝ ዘጠኝ ኪሎዎች ያስመለሰብዎ ስንፍና አይደለም።

አሁን ወደ ምርመራው። አንድ ጊዜ፣ ደግሜ እላለሁ አንድ ጊዜ፣ የእንቅርት ዕጢዎን ይመርመሩ። ቲ.ኤስ.ኤች የሚባለው የደም ምርመራ ይበቃል። ዕጢው ሲደክም ሰው ብርድ ይበዛበታል፣ ሆድ ድርቀት ይይዘዋል፣ ቆዳው ይደርቃል፣ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ድምፁ ይጎረንናል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ በአንገት ላይ እንቅርት ሊታይም ላይታይም ይችላል። ከእነዚህ አንዱን እንኳ አልጻፉልኝም፤ ቢሆንም በሴቶች ላይ የሚዘወተር ስለሆነ መመርመሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን ብዙ ተስፋ አይጣሉበት፦ የዕጢው መድከም የሚያመጣው ጭማሪ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ያህል ሲሆን አብዛኛውም ውኃና ጨው ነው። በሽታው ከተገኘ ሊቮታይሮክሲን ይታዘዝልዎታል፤ የሚወሰደው ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ነው። ቡና መድኃኒቱ በአንጀት እንዳይመጠጥ ስለሚያደርግ አንድ ሰዓት ይጠብቅ፤ የአይረን ወይም የካልሲየም እንክብል ካለ በአራት ሰዓት ይራቅ። ዕጢው ጤነኛ ሆኖ ለመክሳት ብሎ ይህን መድኃኒት መዋጥ ግን የልብ ምትን ያዛባል፣ አጥንትንም ያሳሳል። ከቲ.ኤስ.ኤች ጋር የደም ስኳርና የደም ግፊት ይታዩልዎ፤ ወገብዎን በእምብርት አቅጣጫ በሜትር ይለኩ፤ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ስለ ስኳርና ስለ ልብ ማሰብ ይገባል። ሐምራዊ ሰንበር በሆድ ላይ፣ በትንሽ ነገር የሚበልዝ ቆዳ፣ ከወንበር መነሣት የሚያስቸግር የጭን ድካም ካለ ደግሞ የሆርሞን ሐኪም ጉዳይ ነው፣ እምብዛም የማይገጥም ቢሆንም።

ከሁሉ ይልቅ ዓይኔን የሳበው መርፌው ነው። የሦስት ወሩ መርፌ በሁሉም ሴት ላይ ክብደት አይጨምርም፤ በተወሰኑት ላይ ግን ይጨምራል፣ መንገዱም በዋናነት የምግብ ፍላጎትን በማነሣሣት እንደሆነ ይታሰባል። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ከክብደታቸው ከ5 በመቶ በላይ የጨመሩ ሴቶች ከዚያም በኋላ መጨመራቸውን እንደሚቀጥሉ ይታወቃል። መርፌውን ሲጀምሩ ስንት ኪሎ እንደነበሩ፣ ከስድስት ወር በኋላስ ስንት እንደሆኑ በጤና ጣቢያው ካርድዎ ላይ ይፈልጉ። ለምሳሌ 66 ኪሎ ጀምረው በስድስት ወር 70 ከደረሱ ጥርጣሬው ጠንካራ ነው። እንዲያ ከሆነ ሆርሞን የሌለውን የመዳብ ሉፕ በተመለከተ ከአዋላጅ ነርስዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ምትክ ሳያገኙ የመርፌውን ቀን ግን አያሳልፉ። (ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች፦ ፕሬድኒሶሎን፣ ኢንሱሊን፣ ግሊበንክላማይድ፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ኦላንዛፒን፣ ቫልፕሮዌትም ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ከውፍረቱ የከፋ አደጋ ስላለው ከሐኪም ጋር ይመካከሩ።)

ምርመራው ጤነኛ ነዎት ካለ፣ የሚሆነውም ይኸው ይመስለኛል፣ ሥራው ወጥ ቤት ውስጥ ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል የእርስዎን የሚያህል ሰውነት ወደ 2,100 ኪሎካሎሪ ያወጣል። ከዚህ 400 ያህል መቀነስ ይበቃል፤ ወደ 1,200 አይውረዱ፣ ያንን ሁለት ጊዜ አይተውታል። ከ400ው ጥሩ ድርሻውን ከየት እንደሚያመጡ ደግሞ ዘይቱ ነግሮናል። ዛሬ ማታ የዘይቱን ዕቃ ያውጡና ዘይቱ የደረሰበት ላይ በማርከር መሥመር አስምረው ቀኑን ይጻፉበት። በየሳምንቱ እሑድ አዲስ መሥመር ያስምሩ። ለአራት ሰው በሳምንት ከ600 ሚሊ ሊትር እንዳያልፍ ያድርጉ፤ ይህ ለእያንዳንዱ በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ተኩል ያህል ነው። ሽንኩርቱን እናቶቻችን እንደሚያደርጉት መጀመሪያ በደረቁ፣ ሲይዝ ውኃ ጠብ እያደረጉ ያቁላሉት፤ ዘይቱ የሚገባው በመጨረሻ፣ በማንኪያ ተለክቶ እንጂ ከዕቃው በቀጥታ እየተንቆረቆረ አይደለም። የመጀመሪያውን ሳምንት ባለቤትዎ «ወጡ ደረቀ» ይሉ ይሆናል፤ ምላስ ይለምዳል።

ቁርስ አለመብላትዎ ኃጢአት አይደለም፤ ቁርስ ሜታቦሊዝምን «ያስነሣል» የሚለው ማስረጃ የለውም። ነገር ግን ከጻፉልኝ እንደሚመስለኝ ጠዋት የተቆጠበው ማታ «ቀማምሼ» በሚለው ውስጥ ይከፈላል። በመጀመሪያው ማዕድዎ ፕሮቲን ይኑር። ፕሮቲን ያጠግባል፣ ሲዋሐድ ራሱ ከኃይሉ ከ20 እስከ 30 በመቶውን ይበላል፤ የስብ ግን ከ3 በመቶ አያልፍም። በቀን ወደ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግዎታል። በፍስክ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል 12 ግራም ይሰጣል። በጾም ምስር፣ አተር ክክ፣ ባቄላና አኩሪ አተር አሉልዎ፤ 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 24 ግራም ፕሮቲን አለው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እተዋለሁ። ቆሎውን በንፍሮ ይለውጡት፦ የተቀቀለ ሽምብራ በ100 ግራም ወደ 165 ኪሎካሎሪ ሲኖረው የተቆላው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው፤ ልዩነቱ ውኃ ነው፣ ሆድን የሚሞላውም ውኃው ነው። ትሪው ላይ ከመቀመጥዎ በፊት የራስዎን ግማሽ እንጀራ ለይተው ይያዙ፤ ከጎመኑና ከክኩ ይጀምሩ። ከቤተሰብ ማዕድ ተለይተው በሳህን ይብሉ አልልዎትም፤ እንደዚያ ያለ ምክር በእኛ ቤት ሁለት ሳምንት አይዘልቅም።

ቅዳሜና እሑድን ይጠንቀቁ። በአምስት የሥራ ቀናት 400 ሲቀንሱ 2,000 ተቆጠበ ማለት ነው፤ አንድ ማኅበርና አንድ ክርስትና በየቀኑ 1,000 ቢጨምሩ ሳምንቱ ዜሮ ይዘጋል። ይህን ሒሳብ ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የእህትዎ ምስጢር ያለው ምናልባት እግሯ ላይ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 16 ሰዎች ለ8 ሳምንት በየቀኑ 1,000 ኪሎካሎሪ ትርፍ እንዲበሉ ተደረገ፤ አንዳንዱ ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ስብ ሲጨምር ሌላው ከ4 ኪሎ በላይ ጨመረ። ልዩነቱን ያመጣው ስፖርት አልነበረም፤ መቁነጥነጥ፣ መቆም፣ መመላለስ፣ ዕቃ ማንሣት ነበር። ዝም ብለው መቀመጥ የማይችሉ ሰዎች ትርፉን ሳያውቁት አቃጠሉት። አንድ ቀን ከእህትዎ ጋር ውለው ስንት ጊዜ እንደምትነሣ ይቁጠሩ። እርስዎ ደግሞ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመው ይውረዱ፤ በእርስዎ ክብደት አንድ ኪሎ ሜትር መራመድ ወደ 60 ኪሎካሎሪ ያስወጣል፤ በቀን ሦስት ኪሎ ሜትር ቢጨምሩ ያ የፈሩት ቀርፋፋ ሜታቦሊዝም ተከፍሎ ይተርፋል። ስልክ ሲያወሩ ይቁሙ። በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያሠራ ነገር ይጨምሩ፦ ከወንበር ሳይደገፉ 10 ጊዜ ተነሥቶ መቀመጥ፣ ግድግዳ መግፋት፣ ባለ 5 ሊትር የውኃ ጀሪካን በሁለት እጅ ይዞ ደረጃ መውጣት። ጂም ቤቶች ጡንቻ «ምድጃ» ነው ይላሉ፤ ያጋንናሉ፣ አንድ ኪሎ ጡንቻ ያለ ሥራ በቀን 13 ኪሎካሎሪ ያህል ብቻ ነው የሚያወጣው። የምፈልገው ሲከሱ የሚሄደው ስቡ እንጂ ጡንቻው እንዳይሆን ነው።

ለጠየቁት ዋና ጥያቄ፣ ስለሚያፈጥን ነገር፣ መልሴ አጭር ነው። ቡና፣ ሚጥሚጣ፣ ዝንጅብልና አረንጓዴ ሻይ ወጪን ለጥቂት ሰዓታት በጥቂት መቶኛ ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ በሚዛን ላይ አይታይም። «የማቅጠኛ ሻይ» ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ሴና የተባለ የሚያስቀምጥ ቅጠል አላቸው፤ የሚወጣው ውኃ ነው። ሜታቦሊዝምን በእውነት የሚያፈጥን መድኃኒት በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ነበር፤ ዳይናይትሮፌኖል ይባላል፣ ሰውን ከውስጥ እያጋለ ስለገደለ ተከለከለ። በ2010 እ.ኤ.አ. ከገበያ የወጣው ሲቡትራሚንም እስከ ዛሬ «የተፈጥሮ» በተባሉ እንክብሎች ውስጥ ተደብቆ ይገኛል፤ የደም ግፊትና የልብ አደጋ አለው። አዲሶቹ መርፌዎች፣ ሴማግሉታይድና መሰሎቹ፣ ውጤታቸው እውነተኛ ነው፤ የሚሠሩት ግን የምግብ ፍላጎትን በመቀነስ እንጂ ሜታቦሊዝምን በማፍጠን አይደለም። ሲቋረጡ የተቀነሰው አብዛኛው በአንድ ዓመት ውስጥ ይመለሳል፤ ዋጋቸውንና የቀዝቃዛ ማከማቻቸውን አስተማማኝነት ካዩ በኋላ ከሐኪም ጋር የሚወሰን ነው።

በመጨረሻ ስለ ፍጥነቱ። አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ኪሎካሎሪ ነው ብለው በቀን 400 ቢቀንሱ በዓመት 19 ኪሎ ይወጣል፤ ስልክ ላይ ያሉት መተግበሪያዎችም ይህን ተስፋ ይሰጣሉ። በተግባር ሰውነት እየቀነሰ ሲሄድ ወጪውም ስለሚቀንስ በመጀመሪያው ዓመት የሚጠበቀው ወደ 8 ኪሎ ነው፤ ቀጣዩ ስምንት በሚከተሉት ሁለት ዓመታት ቀስ እያለ ይመጣል። ስምንት ኪሎ ከክብደትዎ 10 በመቶ ያህል ነው፤ ለደም ስኳርና ለግፊት ትርጉም ያለው ቅነሳ ነው። በስድስተኛው ወር «ቆመብኝ» የሚሉት ሰዎች ብዙውን ጊዜ የተሳሳቱት በሰውነታቸው ሳይሆን በ19ኙ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ ቢወርድ አይደሰቱ፣ ውኃ ነው፤ ጨው በበዛበት ማግሥት አንድ ኪሎ ተኩል ቢወጣ አይደንግጡ፣ እሱም ውኃ ነው። ጠዋት ከሽንት ቤት ሲመለሱ በሳምንት ሦስት ቀን ተመዝነው አማካዩን ይጻፉ፤ ወገብዎን በወር አንድ ጊዜ ይለኩ።

12 ሳምንት ካለፈ በኋላ ወገብዎ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ካልቀነሰ፣ የዘይቱ መሥመርም ከተባለው ካላለፈ፣ ያኔ ሜታቦሊዝምዎን በትክክል ለማስለካት የሆርሞን ሐኪም ጋር ልልክዎ እችላለሁ። ሲመጡ የሚዛኑን ወረቀት ቤት ይተዉት፤ የቲ.ኤስ.ኤች ውጤቱን፣ የመርፌውን ካርድና ዘይቱን የመዘገቡበትን ደብተር ይዘው ይምጡ።